አፄ ምኒልክና የስልኩ ሽቦ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ዓምድ በዚህ እትም ተራው የእኔ ነው። የመረጥኩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክን ነው። አንዳንዶቻችሁ እሳቸውንማ እናውቃቸዋለን፣ በየዓመቱ የካቲት 23 ድራማ እንሠራ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ጋሻውንና ጦሩን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሽቦ ነው።

ባለፈው ጥር ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚኒ ሚዲያችን ስፒከር ሰልፍ ላይ ጸጥ ብሎ እንደከረመ ታስታውሳላችሁ። ዜናውም ቀልዱም ጥያቄና መልሱም ቀርቶ ነበር። ይኼ ጽሑፍ ከዚያ ነገር ጋር ይገናኛል። እንዴት እንደሚገናኝ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ከታሪኩ ልጀምር።

ልደትና ልጅነት

አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በሸዋ፣ አንጎለላ በሚባል ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው።

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። እሳቸው ከመወለዳቸው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በዚያው በ1836 ዓ.ም ግንቦት ላይ፣ ሳሙኤል ሞርስ የሚባል አሜሪካዊ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር በተዘረጋ ሽቦ የታወቀውን የመጀመሪያ የቴሌግራም መልእክት ላከ። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አፄ ምኒልክና የሞርስ ቴሌግራም እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ያኔ ግን አንጎለላ ላይ ስለዚህ ነገር የሰማ ሰው አልነበረም።

ምኒልክ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። አፄ ቴዎድሮስ የእኛው አገር ሰው ናቸው፤ ቋራ ተወልደው በ1847 ዓ.ም ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ነው የነገሡት። በዘመቻው ወቅት፣ በ1848 ዓ.ም፣ የምኒልክ አባት ታመው ሞቱ። ቴዎድሮስም ልጁን ይዘው ሄዱ። ምኒልክ ከአገራቸው ርቀው አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። በኋላ የኖሩት መቅደላ አምባ ላይ ነው። እስረኛ ቢሆኑም ቴዎድሮስ እንደ ልጅ ነው ያሳደጓቸው፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩላቸው።

እስቲ አስቡት። ከእኛ ያነሰ ልጅ አባቱ ሞቶበት ከዘመዶቹ ተለይቶ ሩቅ አገር ሲኖር፣ አገር ቤት ምን እንደሆነ የሚሰማው እንዴት ነው? መልእክተኛ በእግር ወይም በበቅሎ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ወንዝ ከሞላ ወሬውም ይቆማል። በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ሸዋ ገቡና ነገሡ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው።

የሸዋው ንጉሥ

ምኒልክ ለአዲስ ዕቃ ልባቸው ይደነግጥ ነበር። ሰዓት ይሁን ጠመንጃ ወይም ሌላ ማሽን፣ ሲያመጡላቸው እንዴት እንደሚሠራ ሳይጠይቁ አያልፉም። በ1871 ዓ.ም አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ሸዋ መጣ። ምኒልክ ወደዱት። ኢልግ ከሃያ ዓመት በላይ አብሯቸው ሠራ። ድልድይ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የባቡር ሐዲድ ውል፣ የብዙ ነገር ስም ሲነሳ የእሱም ስም አለበት።

በ1875 ዓ.ም ምኒልክ ወይዘሮ ጣይቱን አገቡ። የእቴጌ ጣይቱ የዘር ሐረግ ከእኛው ከሰሜን ነው፤ የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ሽቦ ውስጥ ምን አለ?

ስለ ስልኩ ከመናገሬ በፊት ሽቦ እንዴት መልእክት እንደሚያደርስ ማወቅ አለብን። ይኼን ካላወቅን የምኒልክ ሥራ ትልቅነቱ አይገባንም።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው ኤሌክትሪክ በሁሉም ነገር ውስጥ እኩል አያልፍም። መዳብ፣ ብር፣ አሉሚኒየምና ብረት በደንብ ያሳልፉታል። አስተላላፊ ይባላሉ። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ሸክላ፣ ብርጭቆና ደረቅ እንጨት ደግሞ ያግዱታል። የቤታችን ሽቦ ውስጡ መዳብ ሆኖ ላዩ ፕላስቲክ የለበሰው ለዚህ ነው። ወደ ደባርቅ ስትሄዱ መንገድ ዳር ያሉትን የመብራት ምሰሶዎች ቀና ብላችሁ እዩ። ሽቦው ምሰሶውን አይነካውም፤ ስኒ የመሰለ ነገር ላይ ነው የተቀመጠው። ምሰሶው ብረት ከሆነ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ያወርደዋል፤ እንጨትም ቢሆን ዝናብ ሲያርሰው ያሳልፋል።

በፈረንጆች 1820 ዓመት፣ በእኛ 1812 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ የሚባል የዴንማርክ መምህር ተማሪዎቹን እያስተማረ ሳለ አንድ ነገር አየ። በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ! ማንም አልነካውም። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መርፌው ተመለሰ። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በዙሪያው ማግኔት ይሆናል ማለት ነው።

ይኼን እኛም ክፍል ውስጥ አይተነዋል። መምህራችን አንድ ትልቅ ምስማር ላይ ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ሠላሳ ጊዜ ጠመጠሙ። ሁለቱን ጫፍ ልጠው ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኙት። ምስማሩ ስድስት ስፒል አነሳ። ሽቦውን ሲያላቅቁት ስፒሎቹ ረገፉ። እንደገና ሲያገናኙት እንደገና አነሳ። ቤት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ግን በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፣ ሽቦው ይሞቃልና። ሶኬት ውስጥ ሽቦ ማስገባት ይገድላል፤ በጭራሽ እንዳትሞክሩት።

አሁን ምስማሩ እዚህ ጎንደር፣ ባትሪው ደግሞ አዘዞ ነው እንበል። በመካከል ሽቦ አለ። አዘዞ ያለው ልጅ ሽቦውን ሲያገናኝ እዚህ ምስማሩ ማግኔት ይሆንና አንዲት ትንሽ ብረት ስቦ ቀጭ ያደርጋል። ሲያላቅቅ ይለቃታል። አጭርና ረጅም አድርገን ፊደል ብናወጣለት መነጋገር ቻልን ማለት ነው። ቴሌግራም ይኼው ነው።

ስልክ ትንሽ ይከብዳል። ስንናገር ድምፃችን አንዲት ስስ ሳህን ያንቀጠቅጣል። በዚያ የተነሳ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ጠንከርና ላላ ይላል። እዚያ ማዶ ያለው ጥቅል ሽቦም ማግኔትነቱ ጠንከርና ላላ እያለ ሌላ ስስ የብረት ሳህን ያንቀጠቅጣል። እሷ ስትንቀጠቀጥ ድምፃችን ይሰማል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለስልክ የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው በ1868 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በፈረንጅ አገርም ቢሆን ስልክ ገና አዲስ ነገር ነበር።

ስልክ ቤተ መንግሥት ገባ

ራስ መኰንን፣ የአፄ ምኒልክ የአክስት ልጅ፣ በ1882 ዓ.ም ገደማ ከጣሊያን አገር ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡ ይነገራል። ቤተ መንግሥት ውስጥ ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው ቤት ሽቦ ተዘረጋና ተሞከረ። አፄ ምኒልክ በዚህኛው ጫፍ ሆነው እዚያኛው ጫፍ ያለውን ሰው ሰሙት።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ከሳጥን ውስጥ ሲወጣ የሰሙ ካህናትና መኳንንት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙ ይነገራል። እኛ ዛሬ ይኼን ስንሰማ እንስቃለን። ግን ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቶ የመጀመሪያ ቀን ሰልፍ ላይ ስፒከሩ ሲናገር ሰውየውን ፍለጋ ምሰሶውን ሲዞር አይቼዋለሁ። ያላዩትን ነገር መፍራት የማንም ሰው ነው። አፄ ምኒልክ ስልኩን አልጣሉትም፤ የፈሩትንም አላባረሩም። ቀስ በቀስ ሰው ለመደው።

ስልክ የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? አረብኛ የሚቀራ የክፍላችን ልጅ ነው የነገረኝ። በአረብኛ ሲልክ ማለት ሽቦ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ስልክ ሲሉ ሽቦው ማለታቸው ነበር። ዛሬ ሽቦ የሌለውን ሞባይል ይዘንም ስልክ እንላለን!

ዐድዋና ቴሌግራም

ዐድዋን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። ከሽቦ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ልበል። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም መጀመሪያ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ቃሉ የሄደው በነጋሪትና በመልእክተኛ ነው። ሠራዊቱ ከየአገሩ ተሰብስቦ ሰሜን ድረስ በእግሩ ተጓዘ። የጣሊያን ጦር ደግሞ ቴሌግራም ነበረው። አዛዡ ጄኔራል ባራቲየሪ ከሮም ጋር በሽቦ ይላላክ ነበር። ከጦርነቱ ጥቂት ቀናት በፊት የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር በቴሌግራም ወቀሰው፤ ለምን ዘገየህ ብሎ ገፋፋው። የካቲት 23 የሆነውን ታውቃላችሁ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ሽቦ ፈጣን እንጂ ብልህ አለመሆኑን ነው። የሰጡትን ነው የሚያደርሰው። ሆኖም አፄ ምኒልክ ጣሊያንን አሸነፍኩ ብለው የጣሊያን ዕቃ ምን ያደርግልኛል አላሉም። ከድሉ በኋላ ሽቦውን በርትተው ዘረጉት።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ

ትልቁ ሥራ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው የስልክና የቴሌግራም መስመር ነው። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር ባሕር ዳር ሄዶ ቢመለስ እንኳን ከዚህ ያንሳል! በየሃምሳ ሜትሩ አንድ ምሰሶ ቢተከል ብዬ አሰላሁትና 9,540 ምሰሶ ሆነብኝ። ያን ሁሉ እንጨት ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ በበረሃና በተራራ መትከል ነው። መስመሩ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ነጋዴ ሳምንታት የሚጓዝበትን መንገድ ቃል በአንድ ጊዜ ደረሰበት። ራስ መኰንን ሐረር ሆነው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መነጋገር ቻሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በጣሊያኖች ሥራ ከአዲስ አበባ አሥመራ የሚደርስ መስመር ተዘረጋ።

መዘርጋቱ ብቻ ግን አልበቃም። ምሰሶዎቹን ምስጥ እየበላ ይጥላቸው እንደነበር ይነገራል። ዝሆንም እየተሻሸ ይጥላቸው ነበር ይባላል። ከሁሉ የባሰው ግን ሰው ነው። ሽቦው የሚያልፍበት አገር አንዳንድ ሰዎች እየቆረጡ ለአምባርና ለጌጥ ይወስዱት ነበር አሉ። አንድ ክንድ ሽቦ ብትቆርጥ ሌላው 477 ኪሎ ሜትር ያህል ምንም ሳይሆን እንዳለ ነው፤ ግን አንድም ቃል አያልፍበትም። ኤሌክትሪክ የሚሄደው መንገዱ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ከገጠመ ብቻ ነው። እንደ ድልድይ ነው፤ አንዱ ቅስት ከፈረሰ የቀረው ቢቆምም ማንም አይሻገርም።

ሽቦ ቆራጮቹ ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላስብም። በቤታቸው አጠገብ የሚያምር ሽቦ አለፈ። ለእነሱ ዝም ያለ ብረት ነው። ውስጡ ሰው እየተነጋገረ እንደሆነ ማንም አላስረዳቸውም። ስለማያውቁ ነው የቆረጡት። ይኼን ቃል ያዙልኝ፣ ስለማያውቁ ነው።

መብራት፣ ባቡር፣ ትምህርት ቤት

በ1890 ዓ.ም ገደማ በቤተ መንግሥቱ በጄኔሬተር የኤሌክትሪክ መብራት በራ። ጄኔሬተር የኧርስትድ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ኤሌክትሪክ ማግኔት ከፈጠረ፣ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ አይፈጥርም ወይ ብሎ የጠየቀው ማይክል ፋራዳይ ነው። ፋራዳይ ድሃ ቤት ተወልዶ በእኛ ዕድሜ ትምህርት አቋርጦ መጽሐፍ ጠራዥ ጋ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው። በፈረንጆች 1831 ዓመት ማግኔትን በጥቅል ሽቦ ውስጥ ቢያንቀሳቅሱት ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አገኘ። ዛሬ በጢስ ዓባይና በጣና በለስ ውኃው የሚያዞረው ማሽን የሚሠራው በዚሁ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻም፣ በ1904 ዓ.ም ገደማ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ተጀመረ።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ። ባንክ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በዚያው ጊዜ ገደማም በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይኼን ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ማየት ይገርማል። በልጅነታቸው ወሬ በእግር ነበር የሚሄደው።

ዕረፍታቸው

አፄ ምኒልክ በመጨረሻ ዓመታቸው በጠና ታመሙ። ሕመሙ አካላቸውን ያዘው፤ በኋላም መናገር ተሳናቸው። እኔ ይኼን ሳነብ በጣም አዘንኩ። የሰውን ድምፅ ሐረር ድረስ ያደረሱ ንጉሥ አጠገባቸው ላለ ሰው እንኳን ቃል ማውጣት አቃታቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በምስጢር ተያዘ። ስልኩ ነበረ፤ ያን ወሬ ግን እንዲያደርስ አልተፈቀደለትም። ዛሬ መቃብራቸው አዲስ አበባ ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም ነው፤ አላዩትም።

ስለ እኛ ሽቦ

አሁን ቃል የገባሁት ላይ ደረስኩ።

በጥር ስፒከራችን ዝም ሲል መጀመሪያ ተቃጥሏል ነው የተባለው። መምህራችን ፈትተው አሳዩን። ውስጡ ክብ ማግኔትና ቀጭን ጥቅል ሽቦ አለ። ልክ እንደ አፄ ምኒልክ ስልክ ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና ወደፊት ወደኋላ እያለ አየሩን ያንቀጠቅጣል። አልተቃጠለም ነበር። በማግስቱ መስመሩ ሲታይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ጣሪያው ሥር፣ ሁለት ሜትር ያህል ሽቦ ጠፍቶ ተገኘ።

ክፍላችን ውስጥ የሽቦ መኪና እየሠራ የሚሸጥ ጎበዝ ልጅ አለ። ስሙን አልጽፍም። ሁሉም እሱን ጠረጠረ። ልጆች ሁለት ቀን ቦርሳውን ፈተሹት፤ ሽቦ ሌባ የሚልም ነበር። እሱ አልወሰድኩም ከማለት ሌላ ምንም አላለም።

ሽቦውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ የሽቦ መኪና ሥራልኝ ብሎ ሲያለቅስ ሰነበተ። ብረቱን ሽቦ አገኘሁ፤ ጎማውን ማሰሪያና መሪውን ማስጌጫ ቀይ ሽቦ ግን አጣሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተጠቅልሎ የታሰረ ሽቦ አየሁ። ትርፍ መሰለኝ። ቆረጥኩት። ትርፍ ግን አልነበረም፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ ጥቅል ውስጥም ዞሮ ነበር ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው። ይኼ በደረሰበት ቀን አልገባኝም ልል እችላለሁ። ሽቦው ሲፈለግ ግን ገብቶኛል። የሚኒ ሚዲያ አባል ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረኝም። የልጁ ቦርሳ ሲፈተሽ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ከዚያ ይኼን ታሪክ ለመጻፍ ማንበብ ጀመርኩ። የአፄ ምኒልክን ሽቦ ለአምባር የቆረጡት ሰዎች ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እነሱ አያውቁም ነበር። እኔ ግን አስተላላፊ ምን እንደሆነ ተምሬ፣ ፈተናም ላይ መልሼ፣ የክበብ አባልም ሆኜ ነው።

በማግስቱ መምህራችን ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም፤ ይኼ ደግሞ ከጩኸት ባሰብኝ። ለጥምቀት አክስቴ ከሰጠችኝ ብር ላይ ሁለት ሜትር ሽቦ ገዛሁ። ልጁን ክፍል ውስጥ ሁሉም እያየ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምንም ሳይመልስልኝ ተቀመጠ። ሽቦውን ልንቀጥል በወጣን ጊዜ ግን መጣ። እኔ የሽቦውን ልባስ በጥርሴ ስልጥ አየኝና ተቀብሎኝ ጥርት አድርጎ ላጠው። መዳቡን ከመዳቡ ጋር አጥብቆ ጠመዘዘ። ፕላስቲኩ በመካከል ከገባ ኤሌክትሪክ አያልፍም አለኝ። ከዚያ ናስትሮ ጠቀለልንበት። አሁን እሱም የክበባችን አባል ነው። ሽቦ በእሱ እጅ ሲሆን ያምርበታል።

ወንድሜ መኪናዋን አሁንም ይነዳታል። ቀዩን ሽቦ ፈትቼ በጨርቅ ተክቼለታለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መንገድ ላይ፣ ምሰሶ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ሽቦ ስታዩ ዝም ያለ መስሏችሁ እንዳትቆርጡት፤ የወደቀ ወይም የተላጠ ሽቦም እንዳትነኩ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ። በአንደኛው ጫፍ ሐኪም የሚጠራ እናት፣ በሌላኛው ጫፍ ልጁን የሚጠብቅ አባት ሊኖር ይችላል። ደግሞም ሰው ያለ ማስረጃ አትፈትሹ።

ፒያሳ ስታልፉ ጣሊያን የሠራውን የፖስታ ቤት ሕንፃ ስታዩ አፄ ምኒልክን አስታውሱ። በሚቀጥለው እትም በሌላ ታላቅ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ሰኞ ሰልፍ ላይ ስፒከሩን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት!

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል